ረጅሙን ቁልፍ ተጫን

ጥሩወርቅ መሞቷን የሰማሁት የካ አባዶ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ሰልፍ አልኩ እንጂ እኔ ሰልፍ ይዤ አላውቅም። ነጩን ዱላዬን ያየ ሁሉ ክንዴን አንጠልጥሎ "ቅድሚያ ስጡት፣ ቅድሚያ ለእሱ" እያለ ፊት ወስዶ ያቆመኛል። ትፈልጋለህ ወይ የሚለኝ የለም። እንደዚያ ተጎትቼ በቆምኩበት ስልኬ ጠራ። አስናቀ ነው፤ እንደኔው ዓይነ ስውር የሆነ፣ ከልጅነት ጀምሮ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ።

"ሰማህ?" አለኝ።

በ"ሰማህ?" የሚጀመር ወሬ ምን እንደሆነ ማን ይጠፋዋል። "ማን?" አልኩት።

"ጥሩዬ። ትናንት ካራ ቀብረዋታል።"

ረዳቱ "ግባ እንጂ ወንድሜ" እያለ ትከሻዬን ይገፋል። ገባሁ።  ቀብሯ ላይ እንኳ አልቆምንም። ቤተሰቦቿ ሳይነግሩን የቀሩት ጠልተውን አይደለም፤ "እነዚያ ልጆች በዚያ ጭቃ እንዴት አድርገው ይመጣሉ" ብለው አዝነውልን ነው። በሰው አዘኔታ የቀረብኝን ነገር ብቆጥረው አያልቅም።

ጥሩወርቅን በመልክ አላውቃትም። ቆንጆ ነበረች የሚሉ አሉ፤ ላዩት ይሁንላቸው። እኔ የማውቃት በእግሯ ነው፤ አንዱን ጫማዋን ጎተት ታደርጋለችና በሩ ጋ ሳትደርስ መምጣቷን እንሰማለን። በእጇም አውቃታለሁ፤ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን በድምጿ፤ ወፈር ያለ፣ ጠዋት ጠዋት ትንሽ የሚሻክር ድምፅ ነበራት።

ቀበና፣ ወንዙ አጠገብ አንድ የድምፅ ቤተ መጻሕፍት ነበር። በጎ ፈቃደኞች የመማሪያ መጻሕፍትን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ድምፃቸው ይቀረጻል፣ እኛ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠን በማዳመጫ እየሰማን እናጠናለን። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የምንዘጋጅ ልጆች ሌላ መጽሐፍ አልነበረንም። እነዚያን ኮምፒውተሮች በኃላፊነት የምትይዘው ጥሩወርቅ ነበረች። መጀመሪያ ላይ "እትዬ" ብንላት "እትዬ አትበሉኝ፤ ገና ሳላገባ ታስረጁኛላችሁ" አለችና ጥሩዬ ሆና ቀረች።

ኮምፒውተሮቹ መጀመሪያ ላይ እንደ ከተማው ኮምፒውተር ሁሉ የተሰረቀ ዊንዶውስ ነበር የተጫነባቸው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረው ቫይረስ ደግሞ የሚምረው የለም። አንድ ሰኞ ስንመጣ የታሪክ መጽሐፋችን የለም። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ክረምቱን ሙሉ እያሳላቸው ያነበቡልን መጽሐፍ ነው።  በሳምንቱ ጥሩዬ ዊንዶውሱን ከሁሉም ላይ አንስታ ሊኑክስ የሚባል ነገር ጫነችባቸው። ሊኑክስ ባለቤቶቹ ፈቅደው በነፃ የሚሰጡት ነው፤ ያ ቫይረስም አይነካውም። እሷ ደግሞ ጴንጤ ናት፤ የተሰረቀ ነገር ላይ ተቀምጣ መሥራቱ ድሮም ይከነክናት ነበር።

ደስታው ግን አንድ ቀን አልቆየም። የተረፉትን መጻሕፍት ልንሰማ ብንቀመጥ ሁሉም ዝም። ኮምፒውተሩ ፋይሉን ስሙን ይጠራዋል፣ አለ ይለዋል፣ ማጫወት ግን አይችልም። ንባቡ የሚቀረጽባቸው ትንንሽ መቅረጫዎች ከውጭ በእርዳታ የመጡ ናቸው፤ ድምፁን የሚያስቀምጡት የሠራቸው ካምፓኒ ብቻ በሚያውቀው መንገድ ነው። "ኮዴክ የለውም" አለች ጥሩዬ።

"ኮዴክ ደግሞ ምንድነው?" አላት አስናቀ።

"አጣጣፍ ነው። ድምፅ እንዳለ ቢቀመጥ ቦታ አይበቃውም፤ እንደ ጋቢ ታጥፎ ነው የሚቀመጠው። አጣጣፉን የሚያውቅ መልሶ ይዘረጋዋል። ይሄ ካምፓኒ የራሱ አጣጣፍ አለው፤ ለሰው አያሳይም።"

"እና ስንወስድበት? ዊንዶውስ መስረቅ ኃጢአት፣ ኮዴክ መስረቅ ጽድቅ ሆነ?"

ሳቀች። "አንተ ጠበቃ መሆን ነበረብህ። አልሰረቅነውም፤ ከመቅረጫው ጋር በሲዲ መጥቷል። ዕቃውን የሰጠን አጣጣፉንም ሰጥቶናል። የቸገረኝ ሊኑክስ ውስጥ ማስገባቱ ነው።"

ይሄ "ማስገባቱ" ያለችው ነገር ዕድሜዋን በላው። አንዱን ፋይል ልታስገባ ስትል "ያለ እገሌ አልገባም" ይላታል። እገሌን ስታመጣ እሱም በተራው "ያለ እገሊት" ይላል። የቀበናው ኢንተርኔት እንኳን ፋይል ሊያወርድ ራሱንም አይችል። ስለዚህ ምሳ ሰዓት ላይ መገናኛ አንድ የምታውቀው ሰው ቢሮ ትሄዳለች፣ በፍላሽ ይዛ ትመጣለች፣ ስትሞክረው አሁንም አንድ ነገር ይጎድላል። ጫማዋን እየጎተተች ስትገባ "ዛሬስ ጥሩዬ?" እንላታለን። "ዛሬ ደግሞ የአጎቴን ልጅ ካላመጣሽ አለኝ" ትለናለች። በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ተሳክቶላት መጻሕፍቱ ማውራት ሲጀምሩ እልል ልንል ምንም አልቀረን። በሌላው ላይ ግን ያንኑ ሁሉ እንደገና ከሥር መጀመር ነበረባት።

"ለምን ቀስ እያልሽ አንድ በአንድ አትጭኝም? ማን ያባርርሻል?" አልኳት አንድ ቀን።

"ፎርማት" አለችኝ።

እውነቷን ነው። በዚህ ከተማ ኮምፒውተር ቢያስነጥስም መድኃኒቱ ፎርማት ነው፣ ቢያንቀላፋም ፎርማት ነው። ቴክኒሺያን ይጠራል፣ ውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርጎ አዲስ ዊንዶውስ ይጭናል፣ "አሁን እንደ አዲስ ሆነ" ብሎ ይሄዳል። "አንድ ቀን እኔ በሌለሁበት አንድ ቪዲዮ አልጫወትም ይላል" አለችኝ። "ሰው ያኔ ኮዴክ ጎደለ አይልም፤ ኮምፒውተሩ ተበላሸ ነው የሚለው። ቴክኒሺያን ይጠራል። ቴክኒሺያን ከገባ መጽሐፋችሁ አለቀለት። ስለዚህ ሲዲ ከትቶ አንድ ቁልፍ በመጫን የሚያልቅ ነገር መሥራት አለብኝ። ጥበቃው ጋሽ ደምሴ ራሳቸው የሚጭኑት።"

ከዚያ ደግሞ ጋሽ ደምሴ አልበቁዋትም። "ዓይን ያለው ሰው የሚጭነውማ ምኑ ይደንቃል" አለችና እኔን ባዶ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠችኝ። ሲዲውን ከተትኩ። ትንሽ ቆይቶ የራሷ ድምፅ ከኮምፒውተሩ ወጣ። "ረጅሙን ቁልፍ ተጫን።" ረጅሙ ቁልፍ ከሁሉም በታች ያለው፣ ጣት የማይስተው ነው። ተጫንኩ። "ጠብቅ" አለኝ። ጠበቅኩ።  ምንም የለም። ቆየሁ፤ አሁንም የለም።

"ጥሩዬ፣ ይሄ ነገር ሞተ መሰለኝ።"

"አልሞተም" አለች፣ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ። "የካምፓኒው ውል መጥቶ ነው። ረጅም እንግሊዝኛ። እሺ ካላልከው አያልፍም፤ እሺ ለማለት ደግሞ ሌላ ቁልፍ ተጭነህ መጀመሪያ እሺ የተጻፈበት ላይ መድረስ አለብህ። የሚያይ ሰው ራሱ እዚህ ጋ ነው ተገትሮ የሚቀረው።"

"ታዲያ ውሉን አውጥተሽ ጣይዋ" አላት አስናቀ።

"የሰው ውል ነው፤ አልጥልም። እንድትሰሙት ነው የማደርገው።"

እንዳለችውም አደረገች። ያንን ውል ከላይ እስከ ታች ወደ አማርኛ መልሳ፣ በራሷ ድምፅ አንብባ ሲዲው ውስጥ አስገባችው። ጉድ እኮ ነው። በዓለም ላይ ያንን ውል እስከ መጨረሻው ያነበበች ሴት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። "ይህን ዕቃ የተቀበልክ ሰው ሆይ" ብሎ ይጀምራል፤ አታባዛ፣ አትሽጥ፣ ፈትተህ አትይ፣ ቢበላሽ አንጠየቅም እያለ ይሄድና "ከተስማማህ ረጅሙን ቁልፍ ተጫን" ይላል። ሁለተኛ ስሞክረው አዳምጬ ጨረስኩና ተጫንኩ። "ጠብቅ" አለኝ ድምጿ። ቆይቶ ደግሞ "ጠብቅ"። ከዚያ "ተዘረጋ" አለ። ወዲያው የባዮሎጂ መጽሐፋችን ማውራት ጀመረ። ከጀርባዬ ቀዝቃዛ እጇ ትከሻዬ ላይ አረፈ። አስናቀ ውሉን በቃሉ ይዞት፣ ሻይ ስንጠጣ በእሷ ድምፅ እያስመሰለ ያስቀን ጀመር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። እኛ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገባን ዓመት ኩላሊቷ ታመመ። ጥር ላይ ሥራ አቁማ ካራ እናቷ ቤት ተኛች። ከመተኛቷ በፊት አንድ አዲስ የመጣ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክሱን ጭና ነበር፤ ኮዴኩን ግን አላደረሰችውም። ሲዲውን እዚያው ኮምፒውተሩ አጠገብ ትታዋለች። እኛ ለጥምቀት በየቤታችን በሄድንበት ሰሞን ሥራ አስኪያጁ አቶ በላቸው ለእርዳታ ሰጪ እንግዶች አንድ ቪዲዮ ሊያሳዩ አዲሱን ኮምፒውተር ከፈቱት። አቶ በላቸው ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ክፋት የሚባል ነገር የማያውቁ ሰው። ቪዲዮው እምቢ አለ። እንግዶቹ ተቀምጠዋል። ሲዲው አጠገባቸው ነው፤ ምን እንደሆነ ግን የነገራቸው የለም። ቴክኒሺያን ጠሩ።

ቴክኒሺያኑም ደግ ሰው ነበር። የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ረግሜው ይወጣልኝ ነበር። "የዓይነ ስውራን ነው እንዴ? እንግዲያው ሒሳብ አልቀበልም" አለ አሉ። ለጽድቅ ብሎ ቅዳሜን ሙሉ ተቀምጦ አንዱን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ኮምፒውተር ፎርማት አደረገልን። ጥሩዬ የመጻሕፍቱን ቅጂ ያስቀመጠችበት ለብቻው የሆነ ዲስክ ነበር። እሱን ሲሰካው ዊንዶውስ የሊኑክስን ዲስክ አያውቀውምና "ይህ ዲስክ ባዶ ነው፤ ፎርማት ይደረግ?" ብሎ ጠየቀው። እሺ አለው። ባዶውን ዲስክ ምን ያደርጉታል ብሎ ደግሞ እንድንዝናና ፊልም ሞላበት። ለዓይነ ስውራን ፊልም! ጠረጴዛውንም አጸዳድቶ አሮጌ ሲዲዎቹን ሰብስቦ ጣላቸው።

እኛ ስንመለስ አቶ በላቸው "መጽሐፎቹ ቅጂያቸው ጥሩወርቅ ቤት አለ፤ ሲሻላት ታመጣዋለች" አሉን። እኛም አመንናቸው። እሳቸው ግን የሆነውን ያውቁ ነበር። ያደረጉት እዚህ አገር ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። ትዳን፣ ትጠንክር፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይነገራታል። ልንጠይቃት ካራ ይዘውን ሲሄዱም መንገድ ላይ "የሥራ ነገር አታንሱባት፣ ትጨነቃለች" ብለው አስጠነቀቁን።

ድምጿ ከአልጋው ላይ ቀጥኖ መጣ። "ኮምፒውተሮቹ እንዴት ናቸው፣ ጋሼ?"

"ደህና ናቸው ልጄ። ሁሉም ደህና ነው። አንቺ ብቻ ተሻይ።" 

"ጥሩዬ፣ መጽሐፎቹን…" ብሎ አስናቀ ሲጀምር የአቶ በላቸው እጅ ጉልበቱ ላይ ጧ ብሎ ሲያርፍ ተሰማ።

"ምን አልከኝ?"

"መጽሐፎቹ ናፍቀውሻል ወይ ልልሽ ነው።"

"በጣም" አለች።

የመጣችው ከፋሲካ በኋላ ነው። ጫማዋ ሲጎተት ሰምተን ተነስተን ቆምን። አንዱ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች፣ ማውሱን አንዴ ሁለቴ ጠቅ አደረገች። ከዚያ "ይሄ መቼ ነው የሆነው?" አለች።

አቶ በላቸው እየተንተባተቡ ነገሯት። ጥር ላይ መሆኑን ሲነግሯት ወንበሯ ሲጢጥ አለ።

"ጥር?" አለች። "ጋሼ፣ ፎርማት ሲደረግ እኮ ነገሩ ወዲያው አይጠፋም። ቤቱ እንዳለ ነው፤ በሩ ላይ የነበረው ቁጥር ነው የሚነሳው። ሌላ ሰው ገብቶ እስኪኖርበት ድረስ ውስጡ ያለውን ማውጣት ይቻላል። በዚያው ሳምንት ቢነግሩኝ ዲስኩን ብቻ አስመጥቼ ከአልጋዬ ሆኜ አወጣው ነበር።"

"ልጄ፣ ታመሽ እንዴት መርዶ ይነገርሻል? ልብሽ እንዳይሰበር ብለን እኮ ነው።"

ዲስኩ ግን እስከ አፉ በፊልም ተሞልቷል። ኮምፒውተሮቹ ላይም ስንት ወር ሙሉ የጽሕፈት ሥልጠና ሲሰጥባቸው ቆይቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አቶ በላቸው አለቀሱ፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እሷ አላለቀሰችም። "ያ ቴክኒሺያን ምን አጠፋ?" አለች ለራሷ በሚመስል ድምፅ። "ማሽኑ ጠየቀው፣ እሺ አለ። እኔስ ስንት ጊዜ የደከምኩት ሰው ሳይቸገር እሺ እንዲል አይደል?" ይህ ንግግሯ እስካሁን ያሳርረኛል።

በማግሥቱ መቅረጫውን ይዛ ጂኦግራፊን ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመረች። አንብባ ታርፋለች፤ አርፋ ታነባለች። ሲዲውም የለ፣ ሲዲውን የሠራችበት ፋይልም በዚያው ዲስክ ላይ ጠፍቷል። ስለዚህ ትንሿን መቅረጫ ራሷን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልን ጆሯችን ላይ ለጥፈን ሰማናት። ጥቂት ምዕራፎች ላይ ፈተናው ደረሰ። እኔ አለፍኩ፤ አስናቀ ወደቀ። መጽሐፉ ቢኖር ያልፍ ነበር ወይ? እኔ አላውቅም። እሱ ግን ያውቃል። ዛሬ መገናኛ ሎተሪ ያዞራል፤ ያ ሁሉ ምላስ "ዛሬ ይወጣል፣ ዛሬ ይወጣል" ሲልበት ይውላል።

እርዳታ ሰጪዎቹ ተመልሰው አልመጡም። ቤተ መጻሕፍቱ ሲዘጋ መቅረጫዎቹ ወዴት እንደተወሰዱ እግዜር ይወቅ። ጥሩዬ ልሰናበታት ስሄድ አንዲት ፍላሽ እጄ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። "ጂኦግራፊው ነው፤ በሊኑክስ ነው የቀዳሁት። ገና አልተዘረጋም፤ ታጥፎ እንዳለ ነው። ሲዲውን እንደገና ስሠራው አምጣውና እንዘረጋዋለን" አለችኝ። አልሠራችውም። አቅሙ ከየት ይምጣ፤ በየሳምንቱ ሐኪም ቤት ነበረች። እኔም ሥራ ያዝኩ፣ ኮንዶሚኒየም ገባሁ፣ በበዓል በበዓል እየደወልኩላት ኖርኩ። ስደውልላት "ፍላሿ አለች?" ትለኛለች። "አለች" እላታለሁ።

ሞቷን በሰማሁ ዕለት ከሥራ ስመለስ ፍላሿን ይዤ ከሕንፃችን ሥር ያለ ኮምፒውተር ቤት ገባሁ። ዛሬ ዛሬ አጣጣፉን የሚያውቅ አይጠፋም ብዬ ድምጿን ልሰማ ነው። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ባለሱቁ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ፍላሿን ሰካት።

"ባዶ ነው እኮ፣ ወንድሜ" አለኝ።

"ባዶ አይደለም።"

"ኮምፒውተሩ ነው እንደዚያ የሚለው። ፎርማት ይደረግ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። እሺ ልበለው? ላንተማ በነፃ ነው።"

እጄን ዘረጋሁ። "ስጠኝ" አልኩት።

"ሁለት ደቂቃ እኮ አይፈጅም።"

"ስጠኝ።"

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አስናቀ ጋ ደወልኩ። ፍላሿን ላስከፍት እንደምሄድ ቀን ላይ ነግሬው ነበር። "ተከፈተ?" አለኝ። "አልተከፈተም" አልኩት።  ከዚያ ድምፁን ወፈር፣ ሻከር አድርጎ "ይህን ዕቃ የተቀበልክ ሰው ሆይ" ብሎ ጀመረ። አላቋረጥኩትም። አንድ መስመር ሳይዘል ውሉን እስከ መጨረሻው አደረሰው። "ከተስማማህ ረጅሙን ቁልፍ ተጫን" አለ።  "ጠብቅ" አለ። ቆየና እንደገና "ጠብቅ" አለ። ቀጥላ፣ መጽሐፉ ሊያወራ ሲል የምትመጣዋን አንዷን ቃል እሱም አላላት፣ እኔም አላልኳት።